የተለወጠው የጥድ ፍሬ

ሌባ ሰርቆ ሲሄድ ባዶ ቦታ ነው የሚተወው። የዚያ ሰኞ ሌባ ግን ምትክ ትቶ ነበር የሄደው፤ ያውም ከሰረቀው የሚገዝፍ ምትክ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሙዚየሙ ምድር ቤት ንብረት ጠባቂ መሳቢያ አርባን ሳቡ፤ አንድ ጊዜ አዩ፤ ከዚያ «ይሄ የኔ አይደለም!» ብለው የጮኹት ጩኸት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉትን ዳይሬክተር ሻይ አስደፋቸው። እኔና አለቃዬ ስንደርስ የዳይሬክተሩ ሸሚዝ ገና አልደረቀም ነበር።

አለቃዬ ኢንስፔክተሩ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ጠባብ በር ሲያጋጥማቸው በጎናቸው ነው የሚገቡት። ሐኪም ሲጋራ ካስቆማቸው ወዲህ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ኪሮሽ ጀምረዋል። ጣቢያችን ውስጥ ዳንቴል ያልተነጠፈለት ስልክ የለም። ፊት ለፊታቸው የሚስቅ ፖሊስም የለም፤ እኔ ብቻ እስቃለሁ። ሃምሳ አለቃ ስለሆንኩ አይደለም፤ በልደቴ ሦስት ዳንቴል ስለተሰጠኝ ካሣዬ ነው።

«እስቲ ያሳዩን፣ አባት» አሉ ጠባቂውን።

ጠባቂው ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሙዚየሙ ውስጥ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ቁልፍ» ነው የሚላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ምድር ቤት ጠብቀዋል። ቀኝ ጉልበታቸው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ስድስት ሳምንት ቤታቸው ከተኙ በኋላ ሥራ የገቡት ገና የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው መሳቢያውን አሳዩን።

ጥጥ ላይ አንድ የጥድ ፍሬ ተቀምጧል። ጥቁር ቡናማ ነው፤ ቅርፊቶቹ ዙሪያውን ተበታትነው ተከፍተዋል። ለእኔ ማንም ሰው ጥድ ሥር የሚያነሣው ተራ ፍሬ ነበር የመሰለኝ።

«ምኑ ነው የተለወጠው?» አሉ አለቃዬ።

«ሁሉ ነገሩ! የኔ ፍሬ እንደተጨበጠ እጅ ግጥም ያለ ነው። እንዲህ አፉን ከፍቶ የሚያዛጋ አይደለም። ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የወጣ፣ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የኖረ ዕቃ እኮ ነው! ይኼን ደግሞ ከመንገድ ዳር ለቅሞ…» ድምፃቸው ተቆረጠ። «ሌባው ጥጡን እንኳ ክው አድርጎ አድርቆ ነው የተወው። ሥርዓት የለው፣ ምን የለው!»

አለቃዬ ጥጡን በሌባ ጣታቸው ነካ አደረጉና ጣታቸውን አዩ።

ዳይሬክተሩ ሸሚዛቸውን በመሐረብ እያደረቁ ጉዳዩን ዘርግፈው አስረዱን። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። ጋሼ ቁልፍ እረፍት ሲወጡ አስረከቡ፤ ፖስታ ውስጥ ገባ፤ ሦስት ሰው ፈረመበት፤ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ተቆለፈ። ዛሬ ጠዋት ፖስታው ሲከፈት ማኅተሙ አልተነካም ነበር። ምድር ቤቱ መስኮት የለውም።

«ስለዚህ ስድስት ሳምንት ሙሉ ዝንብ እንኳ አልገባችም» አሉ። «ፍሬውን የምታጠናው ዶክተር ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ጋሼ እረፍት የወጡበት ዓርብ ነው። ከእሷ በኋላ የዘጉት እሳቸው፤ ዛሬ የከፈቱት እሳቸው። እኔ መደመር አውቃለሁ፣ ኢንስፔክተር።»

«ሌባ ብሆን ለምን እጮሃለሁ?» አሉ ጋሼ ቁልፍ።

«ላለመጠርጠር ነዋ!»

«ባልጮህስ?»

«ያኔም ሌባ ነዎት!»

በዚህ ሂሳብ እኔም ሌባ ሳልሆን አልቀርም ብዬ አሰብኩ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ። ፍሬው ካልተገኘ ቁልፉን ያስረክቡና ከእናንተ ጋር ይሄዳሉ። ክሱን ራሴ እፈርማለሁ።»

ጋሼ ቁልፍ መሳቢያው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። «ጡረታ ልወጣ አሥራ አንድ ወር ቀርቶኛል። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ደመወዝ ነው» አሉ። «ሌባ ተብዬ ቤቴ አልገባም። ስሜ ካልተመለሰልኝ ከዚህ አልነሣም። ልነሣ ብልም ጉልበቴ አይፈቅድልኝም።»

የመጨረሻዋን ሲናገሩ ሊስቁ ሞክረው ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣላቸውም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚባለው መጣብኝ፤ ግን አይጧ የት አለች?

*

ዶክተሯ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል አላት። ጸጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታ ጠረጴዛው ላይ ሌላ እርሳስ ትፈልጋለች። አራት ዓመት ሙሉ ያጠናችው ይህንኑ ፍሬ ነው። ግድግዳው ላይ የሣለችው ሥዕል ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ ቅርፊት ቁጥር ተሰጥቶታል።

አለቃዬ ሥዕሉ ፊት ተገትረው ቀሩ። «እነዚህ መስመሮች ይጠመዘዛሉ።»

ዶክተሯ ሐዘኗን ለአፍታ ረሳች። «ይጠመዘዛሉ! ቅርፊቱ ዝም ብሎ የተደረደረ አይደለም። በዚህ በኩል የሚዞሩትን ሲቆጥሩ ስምንት ናቸው፤ በተቃራኒው የሚዞሩትን ሲቆጥሩ አሥራ ሦስት። አንዱ ቅርፊት በሁለቱም መስመር ላይ ነው ያለው።»

«ዳንቴል ነው!» አሉ አለቃዬ። ፊታቸው በራ። «ይኼ እኮ የለየለት ዳንቴል ነው!»

«በእርግጥ…» ዶክተሯ ወደኔ አየች፤ እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

«መሳቢያው ውስጥ ያለውስ ስንት ነው?»

«እሱም ስምንትና አሥራ ሦስት ነው የሚሆነው። የዚህ ዘር ፍሬ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ትናንት ከዛፍ የወደቀውም ጭምር። በቁጥሩ አይለይም።»

«ታዲያ ሌላ መሆኑን በምን አወቁ?»

«በአንድ እይታ! የኔ ዝግ ነበር፤ ይሄ ክፍት ነው። የጥድ ፍሬ እንደሚከፈት ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ ቅሪተ አካል ግን አይከፈትም። ሞቷል። እርስዎ በሥራ ዘመንዎ ሬሳ ሲያዛጋ አይተው ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ አይቻለሁ» አሉ አለቃዬ። «በኋላ ስናጣራ ሰክሮ የተኛ ሰው ነበር።»

ዶክተሯ ሳታስበው ሳቀች። አለቃዬ ሲስቁላቸው ነው የሚነክሱት። «ፍሬውን ለመቁረጥ ፈቃድ ጠይቀው ነበር አሉ?»

ሳቋ ጠፋ። «አራት ጊዜ። ውስጡ ዘር ይኑር አይኑር የማየው ከተሰነጠቀ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ አራት ጊዜ ከለከሉኝ፤ ልክም ናቸው፣ አንድ ለእናቱ ነው። ብሰርቀውስ ምን ላደርገው ኖሯል? ያየሁትን ጽፌ ለሰው ካላሳየሁ ማየቴ ምን ይጠቅመኛል?» ወደ ሥዕሉ ዞረች። «ጋሼ ቁልፍን ግን እባካችሁ አትውሰዷቸው። ያን ዓርብ የለካሁትን መልሰው ጥጡ ላይ ሲያስቀምጡት ሕፃን የሚያስተኙ ነበር የሚመስሉት።»

*

የበሩ ዘበኛ ወንበሩን ሳይጋብዙት ወደኛ አስጠጋ። «እኔ ሰው አላማም» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ምን እንደሚከተል እናንተም ታውቃላችሁ።

«ጋሼ ቁልፍ ሰኞ ሰኞ የካፖርታቸው ኪስ አብጦ ነው የሚገቡት። ካላመናችሁ ሌላ ዘበኛ ጠይቁ። ሲወጡ ኪሱ ሟሽሿል።»

«ስንት ጊዜ አየህ?»

«ከተቀጠርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሰኞን ቁጠሩት።»

«ያን ዓርብስ?»

«ያን ዓርብም አብጦ ነበር! ገርሞኛል፤ ምክንያቱም ዓርብ የእብጠት ቀን አይደለም። ሲወጡ ደግሞ ያ የጥድ ፍሬ ሰብሳቢ በመኪናው ጠበቃቸው። ያውቁታል? ፍሬውን ሁለት ጊዜ ካልገዛሁ ብሎ ያስቸገረው ሰውዬ ነው።»

እኔ ማስታወሻዬን ጠቅ አድርጌ ዘጋሁ። ለእኔ ጉዳዩ አልቋል፦ ገዢ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ ኪስ አለ። አለቃዬን አየሁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉኝ ሳልናገር፤ ወደ ምድር ቤቱም ተመለስን።

«አባት፣ ሰኞ ሰኞ ኪስዎ ውስጥ ምን ይዘው ነው የሚገቡት?»

ጋሼ ቁልፍ ዓይናቸው በሩ ላይ ወደተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ሄደ። ከላይ እስከ ታች ክልከላ ነው፦ ምግብ፣ ውሃ፣ እሳት፣ ጃንጥላ፤ የተላለፈ ወዲያውኑ ከሥራ ይሰናበታል፤ የዳይሬክተሩ ፊርማ። ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ተከሉት።

«ሆድ ይፍጀው» አሉ።

«አባት፣ ይሄ ዝምታ ነው የሚያስርዎት።»

«ብናገርም ያባርረኛል፣ ዝም ብልም ያስረኛል። የቱ ይሻላል? ቆይ ላስብበት።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ስድስት ሰዓት ቀርቶናል።

*

የሰብሳቢው ቤት ውስጥ ለሰው የተተወ ቦታ የለም። መደርደሪያው፣ መስኮቱ፣ የቴሌቪዥኑ አናት፣ ሁሉም የጥድ ፍሬ ነው። እንደ ጣት የቀጠነ አለ፤ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክልም አለ። ነገሩን ስንነግረው ሰውየው ክው ብሎ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ፤ ወዲያው ጮሆ ተነሣ። ሶፋውም ላይ ፍሬ ነበረ።

«ተሰረቀ? ያ ፍሬ? ማን ልቡ ቻለ?» እንባው መጣ። ለይስሙላ የሚያለቅስ ሰው አይቻለሁ፤ ይሄኛው መቀመጫውን በአንድ እጁ እያሸ ነው ያለቀሰው።

«ሁለት ጊዜ ልትገዛው ሞክረሃል» አልኩት።

«ሞክሬያለሁ! ጋሼ ቁልፍ ምን አሉኝ? ‹እናትህን በስንት ትሸጣታለህ?› አሉኝ። አፍሬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ዳማ ነው የምንጫወተው፤ እሱንም አሸንፌያቸው አላውቅም።»

«ያን ዓርብ ወዴት ወሰድካቸው?»

«ሆስፒታል ነዋ፣ ከሙዚየሙ በር በቀጥታ። የተኙበትን ወረቀት ይጠይቁ። ልብሳቸውን አስወልቀው ለኔ ሰጡኝ፤ ባለቤቴ አጥባ ላከችላቸው።»

ባለቤቱ ከጓሮ መጣች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች፤ ክንዷ ርጥብ ነው። «ካፖርቱን እኔ ነኝ ያጠብኩት» አለች። «ሳላጥብ ኪስ እፈትሻለሁ፤ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስኖር የለመድኩት ነው፣ ሁልጊዜ ፍሬ ይገኛል። የጋሼ ኪስ ውስጥ ግን የሕፃን ጡጦ ብቻ ነበር። ባዶ።»

«ጡጦ?» አልን እኔና አለቃዬ እኩል።

«እኔም ገርሞኝ ነበር። የልጅ ልጅ ካላቸው ደግሞ ምን ይገርማል?»

አለቃዬ አሰብ አድርገው ወደ ጓሮው በር ሄዱ። እኔም ተከተልኩ። ጓሮው ውስጥ ትልቅ የልብስ ሳፋ አለ፤ ሳፋው ውስጥ ሃምሳ የሚሆኑ የጥድ ፍሬዎች ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈዋል። ሁሉም ግጥም ብለው ተዘግተዋል። አጠገቡ በግማሽ የሞላ ካርቶን ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አይ የሷ ነገር!» አለ ሰብሳቢው። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች!»

«መጽሐፍማ ሰብስበህ ቢሆን መች ጠላሁ!» አለች ባለቤቱ። «ኢንስፔክተር፣ ሳሎኑን አዩት? እንግዳ ሲመጣ ቆሞ ነው የሚሄደው። ወደ ጣሪያ ላወጣው ፈለግኩ። እንደተከፈተ አንድ ካርቶን ሠላሳ ፍሬ ነው የሚይዘው። ከዘፈዘፍኩት ይከደናል፤ ሰባ ይገባል። ሲደርቅ መልሶ ይከፈታል፣ ምን ይጎዳል?»

አለቃዬ ከኪሳቸው ያወጡት ኪሮሽ እጃቸው ላይ ቆመ። ሴትዮዋን ሊስሟት የደረሱ መሰለኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን እንኳ ሞተር አላስነሡም። «ሃምሳ አለቃ፣ ጋሼ ‹ሌባው ጥጡን አድርቆ ተወው› አሉ። ደረቅ መሳቢያ ውስጥ ያለ ጥጥ ምን ሊሆን ነው? ደረቅ ነዋ። ይሄ ያስገረማቸው ሰው ጥጡን ሲያውቁት ርጥብ ነበረ ማለት ነው።»

«ግን ዶክተሯ ቅሪተ አካል አይከፈትም ብላለች።»

«ብላለች። ሞክረሽዋል ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። የኔ ጥፋት ነው።»

*

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም ምድር ቤቱ ውስጥ ነበርን፦ ጋሼ ቁልፍ በርጩማቸው ላይ፣ ዳይሬክተሩ ሰዓታቸው ላይ፣ ዶክተሯ ሥዕሏን ጠቅልላ፣ ዘበኛው ደግሞ ሳይጠራ።

«ሥዕሉ ላይ ጉድለት ያለበት ቅርፊት አለ?» አሉ አለቃዬ።

«አንድ አለ» አለች ዶክተሯ። «ጥንዚዛ የበሳው። ከግንዱ ስብራት ጀምሮ ሲቆጠር፣ ከስምንቶቹ በሦስተኛው መስመርና ከአሥራ ሦስቶቹ በዘጠነኛው መስመር መገናኛ ላይ። ጀርባው ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለች። ዛሬ ግን ያ ቅርፊት…»

«ዛሬ ፈልገውት ነበር?»

ዶክተሯ የጠቀለለችውን ሥዕል ዘረጋች። «አንድ እይታ በቅቶኝ ነበር።»

አለቃዬ ሁለት ክር አወጡ፤ ቀይና ሰማያዊ። ያ የአካፋ እጅ የሚባል መዳፋቸው በፍሬው ቅርፊቶች መካከል ቀዩን ክር ሲያሾልክ ለማየት ብቻ እንኳ ቲኬት ይቆረጣል። «ዳንቴል ላይ የመጀመሪያው ቋጠሮ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ» እያሉ ከግንዱ ስብራት ጀመሩ። ሦስተኛውን መስመር በቀይ ተከተሉ፤ ዘጠነኛውን በሰማያዊ። ቅርፊቶቹ ስለተበታተኑ መስመሩ ለዓይን ይጠፋል፤ ክሩ ግን አልጠፋበትም። ሁለቱ ክሮች ከፍሬው ሥር ወደ ታች በተገለበጠ አንድ ቅርፊት ላይ ተገናኙ። ዶክተሯ ማጉያ መነጽሯን ይዛ ጎንበስ ብላ ከሥር አየች።

ቅርፊቱን ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ፈተሸችው።

«አለች» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። «ቀዳዳዋ አለች። ይሄ… ይሄ የኔ ፍሬ ነው። ማንም እንዳይነካው! ግን እንዴት ተከፈተ?»

«የሚያጭበረብር ሰው ሥዕሉን አይቶ መብሳት ያቅተዋል?» አሉ ዳይሬክተሩ። እውነት ለመናገር መጥፎ ጥያቄ አልነበረም። «ዝግ ሆኖ ካላየሁት አላምንም።»

አለቃዬ በርጩማዋ ፊት ቁጢጥ አሉ። ትከሻቸው እንደዚያም ሆኖ ከጋሼ ቁልፍ ይበልጣል። «አባት፣ ጡጦው ለማን ነበር?»

ሽማግሌው ማስጠንቀቂያውን አዩ፤ ዳይሬክተሩን አዩ፤ ፍሬውን አዩ። ፍሬው ላይ ሲደርሱ ወሰኑ።

«ለእሱ ነው» አሉ። «የድሮው ኃላፊ፣ ነፍሳቸውን ይማረው፣ ሲቀጥሩኝ ‹ከከሰል ጉድጓድ የወጣ ነገር ከደረቀ ይሰነጠቃልና ጥጡን በየሳምንቱ አርጥብለት› አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰኞ ሰኞ በጡጦ አጠጥቼዋለሁ፤ ጡጦ ጠብ ጠብ ስለሚያደርግ አይበዛበትም። ለሕክምና ልተኛ ስል ዓርብም ጨመርኩለት። ስድስት ሳምንት ግን አልበቃውም፣ ለካ!»

«ውሃ!» አሉ ዳይሬክተሩ። «በኔ ዕቃ ቤት! ክልከላውን አላነበቡም?»

«እንዴት አላነብም፣ እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ግን ፍሬው ወረቀት አያነብም ብዬ ቀጠልኩ።» ጋሼ ቁልፍ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «አሁን ያባርሩኝ። ብቻ ሌባ አይበሉኝ።»

ዶክተሯ ወደ እሳቸው ዞረች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ርጥብ ነበር? እኔ በለካሁበት ቀን ሁሉ? ፍሬውን እርስዎ እያወጡ ስለሚሰጡኝ ጥጡን ነክቼው አላውቅም!» ጸጉሯ ውስጥ ያለውን እርሳስ ነቀለችው። «እንግዲያው ውሃ አይጎዳውም። ውሃ አምጡ!»

ዘበኛው ሮጠ።

*

ስምንት ሰዓት ላይ ፍሬው ርጥብ ጥጥ ላይ ተኛ፤ ሌላ ርጥብ ጥጥ ዙሪያውን ተደረገለት። አለቃዬ ከወገቡ ላይ፣ ከሰፊው ቦታ፣ ቀዩን ክር ልክክ አድርገው አሰሩበት። «ከጠበበ ክሩ ይወርዳል» አሉ። «ካልጠበበ ዓይናችን እንዳያታልለን ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ምንም የለም። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ፤ አለቃዬ ዳንቴል ሠሩ፤ ዘበኛው ሰው ሳያማ የሙዚየሙን ሠራተኛ ሁሉ ታሪክ ነገረኝ። ዘጠኝ ተኩል፤ ክሩ እንደታሰረ ነው። ጋሼ ቁልፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ የእጅ ካቴናዬን ወደ ጀርባዬ ገፋሁት፤ እንዳያዩት።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ማንም ሳይነካው ቀዩ ክር ላላ አለ። ከዚያ ሰተት ብሎ ወረደ፤ ጥጡ ላይ አረፈ።

ሁላችንም እንደ ልጅ ተጋፍተን ጎነበስን። የታችኛዎቹ ቅርፊቶች ከፍ ብለዋል። ስታዩት አይንቀሳቀስም፤ ዘወር ብላችሁ ስትመለሱ ግን ተንቀሳቅሷል። አሥር ተኩል ላይ ግማሹ ተከደነ። አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፍሬው ግጥም ወደማለቱ ተቃርቦ ሥዕሉን ቁጭ አለ።

ዶክተሯ መሬት ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ትስቃለች። «ሁለቱ ሽፋኖች! ቅርፊቱ ውስጥ ውሃ ሲነካው የሚለጠጥ ሽፋንና የማይለጠጥ ሽፋን አለ፤ አንዱ ሌላውን ይስባል። አሥራ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ከሰል ውስጥ ተቀብሮ አልተበላሸም! ሞቷል ብዬ አራት ዓመት ቁጥር ለጠፍኩበት!»

ሰርቆ የሄደ የለም፤ የመጣ ምትክም የለም። ፍሬው ራሱ ነበር፤ ጠባቂው ሲታመሙ ጠምቶት አፉን ከፈተ እንጂ።

ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ፤ መልሰው ፈቱት። ከባድ ሥራ ነበር፤ ግን ሠሩት። «ጋሼ፣ በድያችኋለሁ… በድየዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የታመመው ጉልበቴ ነው፤ ጆሮዬ ደኅና ነው» አሉ ጋሼ ቁልፍ። «ግን ይድገሙልኝ፤ ዘበኛው ይስማ።»

ዳይሬክተሩ ደገሙት። ዘበኛው ሰማ፤ ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ከተማው በሙሉ ሰምቷል። ዳይሬክተሩ ከዚያ ወደ በሩ ሄደው ያንን ማስጠንቀቂያ በጥፍራቸው ለመላጥ ሞከሩ። ጋሼ ቁልፍ ሲለጥፉ ግን የምር ነው የሚለጥፉት፤ አልተላጠም። በመጨረሻ እስክሪብቶ አውጥተው «ውሃ» የሚለውን ቃል ሰረዙና ፈረሙበት።

የቀረ ጉዳይ የለም ብለን ልንወጣ ስንል ዶክተሯ ድንገት ቀጥ አለች።

«ቆይ! ዛሬ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር። ውስጡን ያየ አለ?»

እርስ በርስ ተያየን። እሷ ተራ ፍሬ ነው ብላ ተናዳ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን፣ እኛ ክሩን፣ ጋሼ ቁልፍ ማስጠንቀቂያውን ሲያዩ ውለዋል። አራት ጊዜ በመጋዝ ካልከፈትኩ ተብሎ የተለመነው ነገር በራሱ ተከፍቶ፣ ስድስት ሰው ዙሪያውን ቆሞ፣ አንድም ሰው ወደ ውስጥ አላየም።

*

ማክሰኞ ጠዋት መምጣት አልነበረብንም፤ የፖሊስ ሥራ አልቋል። አለቃዬ «ክሬን ረስቻለሁ» አሉ። እኔም ክሩን ልፈልግላቸው አብሬ ሄድኩ።

ፍሬው ዶክተሯ ከመሳቢያው አውጥታ ያኖረችበት ደረቅ ጥጥ ላይ አድሮ እንደገና ተከፍቷል። ዶክተሯ ቀጭን መብራት ይዛ ቆማለች፤ እጇ ግን ይንቀጠቀጣልና ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይዘላል። ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ አቃታት። «እርስዎ ይዩት» ብላ ማጉያውን ለጋሼ ቁልፍ ሰጠቻቸው። መብራቱን እኔ ያዝኩ።

ጋሼ ቁልፍ ጎነበሱ። ቆዩ።

«ምን ይታያል?» አለች ዶክተሯ።

«ቅርፊቱ ሥር ሁለት ዘር አለ» አሉ ቀስ ብለው። «ከነክንፋቸው። ክንፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ ሌላውን ደገፍ ብሎ።» ሌላውን ቅርፊት አዩ፤ ከዚያ ቀጣዩን። ፊታቸው ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ሳቅ ወጣ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቱን ሌባ እንዳይገባ ስጠብቅ ኖርኩ። ለካ ውስጡ ልጆች ነበሩ!»

ዶክተሯ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይበቃዎታል፣ አሁን የኔ ተራ ነው» ብላ ማጉያውን ቀማቻቸው።